የእናት ሰውነት ከልጇ ጋር አይዋጋም፦ «ዘጠኝ ወር የሚፈጅ ጦርነት» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ

«ዘጠኝ ወር የሚፈጅ ጦርነት» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። እኔ አዋላጅ ነኝ። ክትትል የሚመጡ እርጉዞች ስልካቸውን ከፍተው ያሳዩኛል። «ሲስተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» ይሉኛል። አብዛኞቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን የያዙ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ጨርሰው የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። አንዷ «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ይቅርብኝ» ስትለኝ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ቆረጥኩ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ ይህ ነው። ፅንስ ግማሹ ከአባቱ ስለሆነ ለእናቱ ሰውነት ባዕድ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎቿ ሊያጠፉት ይታገላሉ። ማህፀን ውስጥ ያሉ «ገዳይ ሴሎች» ከነቁ ውርጃ ይመጣል፤ ስለዚህ በመድኃኒት ማስተኛት ያስፈልጋል። ልጁን የሚያድነው እንግዴ ልጁ ነው፤ እንደ ብረት ግንብ ቆሞ ምንም አያሳልፍም። የእናት በሽታ የመከላከል አቅም ዘጠኙን ወር ይተኛል። ሾተላይ የሁለተኛ ልጅ ጉዳይ ነው። ክትባት የተኛውን ስለሚቀሰቅስ እስክትወልድ ይቆይ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «መከላከያን የሚያጠነክር» የቅመም ዱቄት ይተዋወቃል።

ጸሐፊው በክፋት የጻፉት አይመስለኝም። ጥሩ ጥያቄም አንስተዋል። መልሳቸው ግን እናቶችን የሚጎዳ ስለሆነ ነጥብ በነጥብ እሄድበታለሁ።

«ፅንስ ለእናቱ ባዕድ ነው፤ ሰውነቷ ሊያስወግደው ይታገላል»

ጥያቄው የቆየ ነው። ብሪታኒያዊው የሳይንስ ተመራማሪ ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1953 አንስቶታል። ሰውነታችን ከሌላ ሰው የተወሰደ ቆዳ ሲለጠፍበት አይቀበልም። ታዲያ እናት ግማሹ የአባት የሆነውን ፅንስ እንዴት ዘጠኝ ወር ትሸከማለች? ሜዳዋር ሦስት መላ ምት አስቀመጠ። ወይ እናትና ልጅ በአካል ተለያይተዋል፤ ወይ ፅንሱ ገና ስላልበሰለ አይለይም፤ ወይ የእናት መከላከያ ይደነዝዛል። የጸሐፊው ጽሑፍ ከእነዚህ መላ ምቶች ሁለቱን እንደ ተረጋገጠ እውነት አድርጎ ነው ያቀረበው። ከዚያ ወዲህ ግን ከ70 ዓመት በላይ ምርምር ተካሂዷል።

እናትና ልጅ ፈጽሞ የተለያዩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት የወንድ ልጅ ሴሎችን በእናት ደም ውስጥ አገኘ። አንዷ እናት ወንድ ልጅ ከወለደች 27 ዓመት አልፏት ነበር። የልጇ ሴሎች ያን ሁሉ ዘመን አብረዋት ኖረዋል፤ ሰውነቷም አላጠፋቸውም።

የእናት ሰውነት ፅንሱን «አላየውም» ማለትም አይቻልም። ያየዋል፣ ያውቀዋል፣ ከዚያም ፈቅዶ ያስቀምጠዋል። ይህን ፈቃድ ከሚያስጠብቁት መካከል ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ እነዚህ ሴሎች ሲወገዱ፣ ከሌላ ዝርያ አባት የተፀነሱት ፅንሶች ጠፉ። አባታቸው ከእናታቸው ጋር አንድ ዝርያ የሆኑት ግን ተረፉ። መከላከያው ቢተኛ ኖሮ ይህ ልዩነት አይታይም ነበር። ፅንሱን የጠበቀው ነቅቶ የሚሠራ የመከላከያው ክፍል ነው።

እንግዴ ልጁም የበኩሉን ያደርጋል። ወደ ማህፀን ግድግዳ ጠልቀው የሚገቡት ሴሎቹ፣ ሰውነት ባዕድን ከሚለይባቸው ምልክቶች ኤችኤልኤ-ኤ እና ኤችኤልኤ-ቢ የሚባሉትን አያወጡም። በምትካቸው ኤችኤልኤ-ጂ፣ ኤችኤልኤ-ኢ እና ኤችኤልኤ-ሲን ያሳያሉ። የእናት ሴሎች እነዚህን አንብበው ነው ምን መሥራት እንዳለባቸው የሚወስኑት።

«ማህፀን ውስጥ ያሉት ገዳይ ሴሎች መተኛት አለባቸው»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው።

ጸሐፊው የሚሏቸው ኤንኬ የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ነው። መኖራቸው እውነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በማህፀን ሽፋን ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሴሎች 70 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ጸሐፊው ይህን ቁጥር ሲያዩ ደንግጠዋል። ግን እስቲ እናስበው። ሥራቸው ፅንስ መግደል ቢሆን፣ በዚህ ብዛት ተሰብስበው አንድስ ፅንስ ይተርፍ ነበር?

ሌላም አለ። እነዚህ ሴሎች ፅንስ በሌለበት ወርም ይመጣሉ። በወር አበባ ዑደት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ፣ እርግዝና ይኑር አይኑር ሳይታወቅ፣ ማህፀን ውስጥ ይበዛሉ። ባዕድ አይተው የሚሰበሰቡ ቢሆኑ ባዕዱን ይጠብቁ ነበር። የሚመጡት ለዝግጅት ነው።

ዝግጅቱ ምንድን ነው? በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኤንኬ በቫይረስ የተያዘ ሴል ሲያገኝ ይገድላል። የማህፀኑ ኤንኬ ጠባዩ ሌላ ነው። የመግደል አቅሙ ደካማ ነው፤ ዋና ሥራው መልእክት መላክ ነው። ኢንተርሉኪን-8 እና አይፒ-10 የተባሉ ሞለኪውሎችን ይለቃል። የእንግዴ ልጁ ሴሎች ያንን ተከትለው ወደ ማህፀኑ ግድግዳ ጠልቀው ይገባሉ። የደም ሥር የሚያሳድጉ ሞለኪውሎችንም ይለቃል።

ሴሎቹ የሚያመሩት ወደ እናትየው ጠምዛዛ የደም ሥሮች ነው። እነዚህ ሥሮች ከእርግዝና በፊት ጠባብ ናቸው፤ ግድግዳቸውም ጡንቻ ነው። ኤንኬዎቹ ጡንቻውን ማላላት ይጀምራሉ፤ የእንግዴ ልጁ ሴሎች ደርሰው ሥራውን ይጨርሳሉ። ሥሩ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። በእርግዝና መጨረሻ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ማህፀን የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥሩ ሳይሰፋ ቢቀርስ? የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ስንጫነው ውሃው እንደሚፈናጠር፣ ደሙ በኃይል እየተረጨ ይገባና ስሱን የእንግዴ ልጅ ክፍል ይጎዳዋል። የተጎዳው እንግዴ ልጅ ኤስኤፍኤልቲ-1 የሚባል ፕሮቲን ወደ እናት ደም አብዝቶ ይለቃል። ያ ፕሮቲን በመላ ሰውነቷ ያሉትን የደም ሥሮች ያውካል። ግፊቷ ይወጣል፣ በሽንቷ ፕሮቲን ይወርዳል። ፕሪኤክላምፕሲያ የምንለው፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው የእርግዝና ደም ግፊት፣ በብዙዎች ላይ መነሻው ይህ ነው። በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን የጸሐፊውን ምክር ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሴሎቹን እናስተኛ ይላሉ። ኤንኬ ሴል የሌላቸው አይጦች ላይ የታየው ግን የማህፀን የደም ሥሮቻቸው ጠባብና ወፍራም ግድግዳ እንደያዙ መቅረታቸው ነው። ከአገራችን ብዙም ከማይርቅ ቦታ የመጣ ማስረጃም አለ። በኡጋንዳ ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል አኔቲ ናኪሙሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት የእናቶችን ኪር የተባሉ የኤንኬ መቀበያዎች ከልጆቻቸው ኤችኤልኤ-ሲ ጋር አነጻጽሯል። ለፕሪኤክላምፕሲያ ይበልጥ የተጋለጡት፣ የልጁ ኤችኤልኤ-ሲ ኤንኬዎቻቸውን አብዝቶ የሚያረጋ ዓይነት የሆነባቸው እናቶች ነበሩ። ኤንኬን የሚያነቃ መቀበያ ያላቸው፣ በአፍሪካውያን ላይ የሚገኝ የኪር ዓይነት የወረሱት ደግሞ ጥበቃ አግኝተዋል። ነገሩ ከጽሑፉ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ችግር የመጣው ሴሎቹ ዝም ሲሉ ነው።

ፅንስ ለወረደባቸው እህቶቼ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም መዛባት ያለባቸው ናቸው። የእናት ሰውነት ገድሏቸው አይደለም። ጽሑፉን አንብባችሁ «ልጄን ራሴ በላሁት» ብላችሁ ያለቀሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሸክም አውርዱት። «ኤንኬ ልለካ» ብሎ በክንድ ደም ላይ ገንዘብ ማውጣትም አያዋጣም፤ የክንድ ደም የማህፀኑን አያሳይም። ሐኪም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን መከላከያን የሚያረጋ መድኃኒት አዞላችሁ ከሆነ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

«እንግዴ ልጅ ምንም የማያሳልፍ ግንብ ነው»

ልጅ ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁን ትሪ ላይ ዘርግቼ አገላብጬ አየዋለሁ። ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወደ ልጁ የሚያየው ፊቱ ለስላሳና አብረቅራቂ ነው፤ የደም ሥሮቹ ከእትብቱ ሥር ተነስተው ሲሰራጩ በዓይን ይታያሉ። በእናት በኩል ያለው ፊቱ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ከ15 እስከ 20 በሚሆኑ ጉብታዎች የተከፋፈለ። ጉብታዎቹን አንድ በአንድ የማየው ቁራጭ ማህፀን ውስጥ ቀርቶ ደም እንዳያፈስሳት ነው። ግፊት የነበራት እናት እንግዴ ልጅ ብዙ ጊዜ አነስ ይላል፤ ደም ያልደረሰው ነጣ ያለና ጠጠር ያለ ቦታም አገኝበታለሁ። የላይኛውን ክፍል ታሪክ እዚያ ትሪ ላይ ማየት ይቻላል ማለት ነው።

ይህን ሥጋ ግንብ ማለት ይከብደኛል። ውስጡ በእናት ደም የሚታጠቡ ቅርንጫፎች አሉ። ተዘርግተው ቢለኩ ስፋታቸው ከ10 ካሬ ሜትር ይበልጣል። የእናትን ደም ከልጁ ደም የሚለየው ሽፋን የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። ደሞቹ አይቀላቀሉም፤ ይህ ልክ ነው። ግን እንግዴ ልጁ መርጦ ያስገባል፣ መርጦ ያስቀራል፤ አንዳንዴም ይሸነፋል።

የሚሸነፈው ለማን ነው? ቂጥኝ ያልፈዋል። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተሕዋስ፣ እናት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ሊያልፈው ይችላል፤ አንዱ መግቢያው ጥሬ ሥጋ ነው። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ባልፈላ ወተትና በጥሬ ዓሣ ሊመጣ ይችላል። አሞራ ገደል ወርዶ ጥሬ ዓሣ መብላት ለከተማችን ሰው ደስታ እንደሆነ አውቃለሁ። እርጉዝ ስትሆኑ ግን የተጠበሰውን እዘዙ። «ግንብ አለልኝ» ብላችሁ በዚያ ጽሑፍ አትተማመኑ።

የወባው ነገር ይብሳል፤ ምክንያቱም ወባ ልጁን ለመጉዳት እንግዴ ልጁን ማለፍ አያስፈልገውም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የያዘው ቀይ የደም ሴል ላዩ ላይ ቫር2ሲኤስኤ የሚባል ፕሮቲን ያወጣል። በዚያ ፕሮቲን እንግዴ ልጁ ላይ ይለጠፋል፤ እዚያው ይከማቻል። የእናት ነጭ የደም ሴሎች ተሯሩጠው ይመጣሉ፤ ቲኤንኤፍን የመሳሰሉ የእብጠት መልእክተኞች ይለቃሉ። በዚህ ግርግር ለልጁ የሚያልፈው ምግብ ይቀንሳል። ልጁ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል፤ እናት ደም ያንሳታል። ተሕዋሱ እንግዴ ልጁ ውስጥ ተደብቆ ሳለ የጣት ደም ሲታይ ላይገኝም ይችላል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበዛባቸው አገሮች ሴቶች ከመጀመሪያ እርግዝናቸው በኋላ ለዚህ ፕሮቲን ፀረ እንግዳ አካል ያዳብራሉ። ወባ እየመጣ በሚሄድበት እንደኛ ባለ አካባቢ ግን በዚያ መተማመን አይቻልም፤ ሦስተኛም አራተኛም እርግዝና ላይ ትጎዳለች። ክረምቱ ሲወጣ አጎበር ውስጥ ማደር፣ ትኩሳት ሲሰማ በዚያኑ ቀን መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«የእናት መከላከያ ዘጠኙን ወር ይተኛል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። እርጉዝ ሴት ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛት ከሌላው ሰው ይበልጥ ትታመማለች። በ1918ቱም በ2009ኙም ወረርሽኝ ታይቷል። ግን መንስኤው እንቅልፍ አይደለም። ማህፀኑ ሳንባዋን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ልቧ ከወትሮው አብዝቶ ይሠራል፤ መከላከያዋም አሠራሩን ይቀይራል። መቀየር መተኛት አይደለም።

ለውጡ እንዲያውም ተራ አለው። ፅንሱ ማህፀን ላይ ሲጣበቅ እብጠት የሚያመጡ መልእክተኞች ይበዛሉ። መሃል ላይ ይረጋሉ። ምጥ ሲቃረብ እንደገና ይነሳሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ማህፀን አንገት ገብተው እንዲላላ ያግዛሉ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 የእናትን ደም ሴሎች ብቻ አይተው እርግዝናዋ ስንተኛ ሳምንት ላይ እንዳለ መገመት ችለዋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሳይታከም ሲቀር ምጥ ያለጊዜው ሊመጣ የሚችለውም ኢንፌክሽኑ እነዚያን የመጨረሻ መልእክተኞች ቀድሞ ስለሚያነሳ ነው። «ሽንት ስጪ» ስንላችሁ ለወረቀት አይደለም።

«ሾተላይ የሁለተኛ ልጅ ጉዳይ ነው»

የእናት መከላከያ በእርግጥ ልጁን የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው። የእናት የደም ዓይነት አርኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ያልፋል። ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ተወልዷልና ብዙ ጊዜ አይነካም፤ የሚቀጥለው ነው የሚጎዳው። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ግን «ስለዚህ ለመጀመሪያ እርግዝና አያሳስብም» ማለታቸው አደገኛ ነው። መከላከል የሚቻለው በመጀመሪያው ነው! ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ፀረ-ዲ መርፌ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ውርጃ ካጋጠመም ያስፈልጋል። ሰውነቷ አንዴ ፀረ እንግዳ አካሉን ከሠራ በኋላ ግን መርፌው አይመልሰውም። መርፌው ውድ ነው፤ በተፈለገ ሰዓትም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የደም ዓይነታችሁን በመጀመሪያው ክትትል እወቁ፤ ኔጌቲቭ ከሆናችሁ ከአሁኑ ገንዘቡንም መርፌውንም አዘጋጁ።

የቅመም ዱቄቱ

ብዙ አልልም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ማንንም አይጎዱም። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ግን ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል፤ ዱቄቱ ውስጥ ደግሞ ስንት እንዳለ አልተጻፈም። ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። መከላከያ ሲነቃ ልጁን ይገድላል ካሉ በኋላ፣ መከላከያን የሚያነቃ ዱቄት እንዴት ለእርጉዝ ይመክራሉ? ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

«ክትባቱ እስክትወልድ ይቆይ»

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሕይወት የሚያስከፍለው ይህ ስለሆነ ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ውስጥ ሕይወት ያለው ተሕዋስ የለም። መርዙ ነው፤ እሱም እንዳይጎዳ ተደርጎ። እናት ስትከተብ ሰውነቷ አይጂጂ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ቀጥሎ ያለውን ሥራ እንግዴ ልጁ ራሱ ነው የሚሠራው። ሴሎቹ አይጂጂውን ከእናት ደም ወደ ውስጣቸው ያስገቡታል፤ እዚያ ያሉ መቀበያዎች ይዘው፣ በሴሉ ውስጥ አሳልፈው ለልጁ ይሰጡታል። ዝውውሩ ከ13ኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይበረታል። ወሩን ጨርሶ የተወለደ ልጅ ደም ውስጥ ያለው አይጂጂ ብዙ ጊዜ ከእናቱ ይበልጣል። ይህ የእናትና የእንግዴ ልጅ ሥራ በጦርነት ስም ሲጠራ ያሳዝነኛል።

«እስክትወልድ ይቆይ» ከተባለ ልጁ ባዶ እጁን ይወለዳል። እትብቱ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ ቢቆረጥ ወይም ቅቤና ሌላ ነገር ቢቀባ፣ መንጋጋ ቆልፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይይዘዋል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን በማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ማረጋገጫ ያገኘችው እናቶች እየተከተቡ ነው። ማረጋገጫው ማለት በሽታው ከአፈሩ ጠፋ ማለት አይደለም። መከተብ ካቆምን ይመለሳል።

ሕይወት ያላቸው ተሕዋስ ያሉባቸው ክትባቶች፣ ለምሳሌ የኩፍኝ ክትባት፣ ለእርጉዝ አይሰጡም። ጸሐፊው ያንን ሰምተው ሁሉንም በአንድ ጠቅልለውት ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ ቆልፉ ግን ከዚያ ውጪ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ የሆነና ከዚያ በፊት ያልተከተበች ሴት ሁለት ጊዜ ትወጋለች፤ በመካከሉ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ሁለተኛው ከወሊድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ።

ያቺ ክትባቱን አልፈልግም ያለችኝ ልጅ በመጨረሻ ተወግታ ሄዳለች። ጽሑፉን ካነበቡት ሌሎች ስንቶቹ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚመጡ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሌላው ላይ እንከራከር፤ ጊዜ አለን። የክትባቱን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሱት፤ ያነሱበትንም ምክንያት ጽሑፉን ባሰራጩበት ቦታ ሁሉ ይጻፉ።